ስድሳ አራት የጠፉ ቀናት

ጤናዬ ቁልፉን ተጫነችና እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አጣመረች። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር አሥር በመቶ፣ ሠላሳ በመቶ እያለ ወጣና ስድሳ ሁለት ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ጠበቀች። ባለፈው ዓመት ጉድ የሠራት እንዲህ ያለ መቆም ነበር። ቁጥሩ እንደገና ተነቃነቀ፣ መቶ ሞላ፣ አሥራ አንድ ገጽ ያለው ሰነድም ከነሠንጠረዡ ከነሥዕሉ ጥርት ብሎ ተዘረጋ።

«ወጣልሽ?» አለቻት ሥራነሽ ከወዲያኛው ጠረጴዛ፣ ቀና ሳትል።

«ወጣልኝ።»

«አራተኛሽ ነው። አራት ጊዜ የወጣን ነገር አሁንም አሁንም የምትጫኚው እንዲቆምብሽ ነው? ተነሽና አስረክቢ እንጂ።»

ሥራነሽ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ሴት ናት። ጤናዬ ለቅዳሜና እሑድ ትምህርት ከምትኖርበት ከአምበር በመጣች ቁጥር የምትሠራው እዚያ ስለሆነ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ከደንበኝነት አልፈው ጓደኛ ሆነዋል። የዘጠኝ ዓመቱን የዝናብ መዝገብ ከደብተር ወደ ኮምፒውተር የገለበጠችላትም እሷ ናት። ሥራነሽ ያየችውን እንዳለ ትጽፋለች፤ ከራሷ አንዲት ነጥብ አትጨምርም፣ አትቀንስም፣ የምትጽፈው ነገር ምን እንደሆነም አትጠይቅም።

ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ሰዓቱ ከጧቱ አራት። የማስረከቢያው ጊዜ የሚያበቃው ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። ጤናዬ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ናት፤ ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው። በዲፕሎማ ጀምራ፣ ዲግሪዋን በክረምት ትምህርት ጨርሳ፣ አሁን ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትይዝ የቀራት ይህ አንድ የስታቲስቲክስ ኮርስ ብቻ ነበር። ባለፈው ዓመት ወድቃበታለች። ዘንድሮም ከወደቀች ደንቡ ግልጽ ነው፤ ከፕሮግራሙ ትሰናበታለች፤ የአራት ዓመት ቅዳሜና እሑዷም መና ይቀራል።

የዚህ ኮርስ የቤት ሥራ እንደ ሌላው ታትሞ፣ ተጠርዞ የሚገባ አልነበረም። መምህሩ ደምለው ወረቀት አይቀበልም። ተማሪው ጽሑፉንም ስሌቱንም በአንድ ፋይል ውስጥ ይጽፋል፣ ጥሬውን መረጃ አጠገቡ ያስቀምጣል፣ በፍላሽ ይዞ ቢሮ ይመጣል። ደምለው ፋይሉን በራሱ ኮምፒውተር ከፍቶ አንዲት ቁልፍ ይጫናል። ቁልፏ «ኒት» ትባላለች፣ ሹራብ ሥሪ እንደ ማለት ነው። አር የሚባለው ፕሮግራም መረጃውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ያነባል፣ ይቆጥራል፣ ሥዕሉን ይስላል፣ በየዓረፍተ ነገሩ ውስጥ መግባት ያለበትን ቁጥር ሳይቀር ራሱ አስልቶ ያስገባል። ተማሪው በእጁ የሚጽፈው ቁጥር የለም። ሰነዱ በዚያች በአንድ ጭነት ከወጣ ይታረማል፤ ካልወጣ ዜሮ ነው። ደምለው «ሌላ ሰው ቤት የማይበስል ወጥ፣ ወጥ አይደለም» ይላል። ባለፈው ዓመት የጤናዬ ፋይል መረጃውን የሚፈልገው እሷው ላፕቶፕ ላይ ከነበረ ማህደር ነበርና፣ የደምለው ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ማህደር አላውቅም ብሎ ስድሳ ሁለት በመቶ ላይ ቆመ። ዜሮዋን ይዛ ወጣች፤ አምበር እስክትደርስም ሚኒባስ ውስጥ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ሁሉ ሰምሮላታል። ፋይሉ ይሠራል፤ ግኝቱም ጠንካራ ነው። ከሰኔ መባቻ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ስንት ቀን እንደዘነበ በየዓመቱ ቆጥራ፣ ዝናብ ያለበት ቀን በየዓመቱ በአንድ ቀን ያህል እየቀነሰ መምጣቱን አሳየች። ይህ መቀነስ እንዲያው በአጋጣሚ የመታየቱ ዕድል ከመቶ ሦስት ብቻ ነው፤ ደምለው ደግሞ ከመቶ አምስት በታች ከሆነ አፍ ሞልቶ መናገር ይቻላል ብሎ አስተምሯቸዋል። ባለፈው ቅዳሜ ክፍል ውስጥ ስታቀርበው ተማሪው ሁሉ ጸጥ ብሎ ሰማት፤ እሷን ሰምቶ ጸጥ ሲልላት የመጀመሪያዋ ነበር።

ፍላሹን ነቅላ ልትነሳ ስትል የኔታ ወልደ ሰንበት በበሩ ብቅ አሉ።

የኔታ የዲማ ሰው ናቸው፤ የአቋቋም መምህር። ጤናዬ በወጣትነቷ እዚያ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆና ሳለች አንድ የተፈጥሮ ሀብት ፕሮጀክት መጥቶ የዝናብ መለኪያ ተከለና፣ ማን በየቀኑ ይለካል ሲባል ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ይህን ሥራ የሚችል፣ በየጧቱ በተወሰነለት ሰዓት ከደጅ የማይታጣ ሰው አንድ ብቻ ነው ብላ የኔታን የጠቆመችው እሷ ነበረች። ፕሮጀክቱ በሁለት ዓመቱ ዕቃውን ሸክፎ ሄደ። የኔታ ግን የሚቆጣጠራቸውም የሚያመሰግናቸውም ሳይኖር፣ ዘወትር ጧት በሦስት ሰዓት እየወጡ መለካታቸውን ቀጠሉ። የአገሩ ሰው መለኪያዋን «የየኔታ ጣሳ» ይላታል። ከ1999 እስከ 2007 የተጻፉት ዘጠኝ ደብተሮች አሁን በጤናዬ ቦርሳ ውስጥ ነበሩ፤ ዛሬ ልትመልስላቸው ተቀጣጥረዋል።

«እንደምን አደርሽ ልጀ፤ የት ነሽ?» አሉ፣ በከዘራቸው ደፉን እየነኩ።

ጤናዬ ብድግ ብላ እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ለዓይናቸው ወደ ሐኪም ቤት ሄደው መምጣታቸው ነው፤ ጠብታ ጨምረውባቸው እስከ ከሰዓት ድረስ ሁሉ ነገር ጉም ይሆንብዎታል ብለዋቸዋል። የዛሬውን ዝናብ ማን ይለካል ብላ ስትጠይቃቸው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያትን አሠልጥነው እንደመጡ፣ እሷም ከእሳቸው ይልቅ ጠንቃቃ እንደሆነች ነገሯት። ሥራነሽ ወንበር አቀረበችላቸው።

ማየት ስላልቻሉ ጤናዬ ሰነዱን ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችላቸው። የኔታ ተማሪያቸው ቃሉን ሲያስኬድ እንደሚያዳምጡት አድርገው፣ ግንባራቸውን ከዘራቸው ላይ ደፍተው ሰሟት። ስለ ሰኔ፣ ስለ ሐምሌ፣ ስለ ነሐሴ ነገረቻቸው። እየቀነሰ ስለመጣው ዝናብ ነገረቻቸው። ስትጨርስ ቀና ብለው፦

«የሩፋኤልስ?» አሏት።

«የሩፋኤል ምኑ የኔታ?»

«የሩፋኤል ዝናብ ነዋ። በዘጠኙም ዓመት በሩፋኤል ዘንቧል። እኔ ለይቼ በቀይ ቀለም ነው የጻፍሁት። እስቲ በየዓመቱ ስንት እንደሆነ አንብቢልኝ።»

የሩፋኤል ቀን፣ የጳጉሜ ሦስት ዝናብ ጠበል ነው። ሕፃኑም ሽማግሌውም ደጅ ወጥቶ የሚጠመቅበት ቀን ስለሆነ፣ የኔታ ከዘጠኙ ዓመት ሁሉ ያን ቀን መርጠው መጠየቃቸው ጤናዬን አልገረማትም። በየወሩ የተዘረዘረውን ሠንጠረዥ ከፍታ ወረደች። መስከረም አለ፣ ጥቅምት አለ፤ እየወረደች ነሐሴ ደረሰች። ከነሐሴ በታች ግን ምንም አልነበረም፤ ሠንጠረዡ እዚያው ያልቃል። ተመልሳ ከላይ ጀምራ ቆጠረች። አሥራ ሁለት ወር ነው።

«ሥራነሽ፣ ጳጉሜን አልጻፍሻትም እንዴ?»

«እንዴት አልጻፍኩም! ነይ እይው» አለች ሥራነሽ፣ ስሟ የተነካ መስሏት ፊቷ ተቀያይሮ። ጥሬው መረጃ ሲከፈት እውነትም ጳጉሜ በየዓመቱ አምስት አምስቷን፣ ስድስት ስድስቷን ይዛ ቁጭ ብላለች።

ጤናዬ እንደገና ተቀመጠች። ከሦስት ሳምንት በፊት ፕሮግራሙ በቀይ ቀለም ብዙ ነገር ሲጽፍባት ተደናግጣ፣ አንድ የክፍል ጓደኛዋ በነገራት መሠረት ሁለት መስመር ጨምራ ነበር። አንደኛው «ማስጠንቀቂያ አታሳይ» የሚል፣ ሁለተኛው «ቀን የሌለውን መስመር ጣል» የሚል ነው። ገጹ ያኔ ጸዳላትና ደስ አላት። አሁን ለሙከራ ሁለቱን አነሳቻቸውና ቁልፉን ተጫነች። ቀዩ ጽሑፍ ተመልሶ መጣ፤ ዛሬ ግን አነበበችው። ስድሳ አራት ቀን አልገባኝም ይላል።

ነገሩ ወዲያው ተገለጠላት። ቀኖቹን ለፕሮግራሙ የሰጠችው በአገሯ አቆጣጠር ነው፤ ወሩን በቁጥር፣ ቀኑን በቁጥር። እሱ የሚያውቀው ደግሞ የፈረንጁን ብቻ ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር ሲባል እንዲህ ያለ ወር የለም ብሎ ጣለው። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነች እንደ ፌብሩዋሪ ቆጠራትና፣ ሠላሳኛዋን ቀን፣ በብዙው ዓመትም ሃያ ዘጠነኛዋን ጨምሮ ቆረጣት። ተማሪም፣ መምህርም፣ እሷም ራሷ አራት ጊዜ አይታው ማንም ጳጉሜ የት ሄደች ብሎ አልጠየቀም።

ለየኔታ አስረዳቻቸው። የኔታ በጣታቸው ጉልበታቸውን እየነኩ አሰቡ።

«ዘጠኝ ጊዜ አምስት አርባ አምስት፤ ሦስቱ ዓመት ዘመነ ሉቃስ ናቸውና አርባ ስምንት። ጥቅምት ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ፣ ሃያ ዘጠኝ ሰባት ጊዜ፤ አሥራ ስድስት። ስድሳ አራት። ልክ ነው» አሉ። ከዚያም፣ «ስድሳ አራት ጧት ወጥቻለሁ ማለት ነው» አሉ።

ጤናዬ አንገቷን ደፋች። ያን ጊዜ የተሰማት ሐፍረት ነበር፤ ፍርሃቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሥራነሽ ጣልቃ ገባች። «አሁን ይሄ ምን ያስጨንቃል? የሠራልሽን ፋይል ይዘሽ ሂጂ። መምህሩ ጳጉሜን አንድ በአንድ አይቆጥር።»

«አይቆጥርም።»

«ታዲያ? አምና በምን እንደወደቅሽ ረሳሽው? የሚሠራን ነገር በማስረከቢያው ቀን ይነካካሉ?»

ሥራነሽ የተናገረችው ሁሉ እውነት ነው። ጤናዬ የኔታ የተቀመጡበት ሄዳ ጎንበስ አለች።

«የኔታ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

«እኔማ ምን እላለሁ፤ ፈተናው ያንች ነው። ብትተይውም አልቀየምሽም። አንች ወድቀሽ የኔ ጳጉሜ ብትቆጠር ምን ይጠቅመኛል? ደብተሬን ብቻ መልሽልኝና ልሂድ፤ መኪናው እንዳያመልጠኝ።»

ይህን የተናገሩት ሳይቆጡ ነው። ቢቆጧት ይቀላት ነበር። ቦርሳዋን ከፍታ ዘጠኙን ደብተሮች አወጣች፤ ጥጋቸው በሻሽ ጨርቅ የተሰፋ፣ እያንዳንዱ ገጽ በእጅ የተሰመረ። አንዱን ገለጠችና አየችው። ከዚያ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው።

«የኔታ፣ የአሥር ሰዓቱን መኪና ቢይዙስ? እስከዚያ እርስዎ ያስፈልጉኛል።»

አሮጌውን ማህደር እንደነበረ መልሳ ሌላ ቅጂ አወጣችና በእሱ ላይ መሥራት ጀመረች። መጀመሪያ የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ የሚለውጥ መላ ኢንተርኔት ላይ ፈለገች፤ ኔትወርኩ አንዴ እየመጣ አንዴ እየጠፋ ግማሽ ሰዓት በላባት። በእጇ ልትለውጠው አሰበች፤ ከሦስት ሺህ ሁለት መቶ በላይ ቀን ነው። እያማረረች ለየኔታ ችግሯን ነገረቻቸው፤ የፈረንጆቹ ወራት አንዱ ሠላሳ፣ አንዱ ሠላሳ አንድ፣ አንዱ ሃያ ስምንት ሆኖ መከራ እንደሆነባት።

«ለምን ትለውጫለሽ ታዲያ?» አሉ የኔታ። «ወራቱ ሁሉ ሠላሳ የሆነ አቆጣጠር በእጅሽ ይዘሽ፣ ወደተዘበራረቀው ምን አስኬደሽ? ያለፈውን ወር በሠላሳ አብዢ፣ ቀኑን ጨምሪበት። ሐምሌ አምስት የዓመቱ ስንተኛ ቀን ነው? አሥር ወር አልፏል፤ ሦስት መቶ፤ አምስት ጨምሪ። ጳጉሜ ሦስት? ሦስት መቶ ስድሳ ሦስት። አለቀ። ሕፃናቱም ያውቁታል።»

ጤናዬ ሳቋ መጣ። አንዲት መስመር ናት። ለፕሮግራሙ ይህ ቀን ነው ማለቱን ተወችና፣ ያለፈውን ወር በሠላሳ አባዝተህ ቀኑን ጨምር ብላ ጻፈችለት። ማስጠንቀቂያውን የደበቁባትን ሁለቱን መስመሮችም ከቅጂው አጠፋቻቸው። ተጫነች። ሰነዱ ወጣ። ሠንጠረዡ ውስጥ ከነሐሴ በታች ጳጉሜ ከነዝናቧ ተቀምጣለች።

ሥዕሉን ስታይ ግን ሳቋ ጠፋ። ዘጠኝ መሆን የሚገባቸው ነጥቦች ስምንት ናቸው። የ2004 ዓመት የለም።

አሁን ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሆኗል። ምሳ አልበላችም፤ ሥራነሽ ያመጣችላት የጾም ሳምቡሳ ወረቀት ላይ ቀዝቅዟል። መረጃውን ከላይ እስከ ታች ስትፈትሽ የ2004 ጳጉሜ ሦስት ላይ፣ ቁጥር በሚጻፍበት ቦታ ላይ ቃል አገኘች፤ ፕሮግራሙ ቃሉን መቁጠር ስላልቻለ ዓመቱን ሁሉ ትቶታል። «ሥራነሽ! ምን ብለሽ ነው እዚህ የጻፍሽው?»

«ደብተሩ ላይ ያለውን ነዋ።»

ደብተሩን ገለጠች። በየኔታ እጅ፣ በቀይ ቀለም፣ «ሕዝቡ ጠጥቶታል» ይላል።

የኔታ ስታነብላቸው ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ፤ መሳቃቸውን ለመደበቅ ነበር። «አዎ፤ የዚያን ዓመት ሩፋኤል ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አደረ። ጧት እንደልማዴ ስወጣ መንደሩ ጣሳዋን ከቦ ቆሟል። የሌላው ውኃ ከጣራ የወረደ፣ መሬት የነካ ነው፤ ከሰማይ በቀጥታ የገባ ይኸ ብቻ ነው ብለው በእፍኝ በእፍኝ ተካፍለው ጨርሰውታል። የታመሙ ሰዎችም ነበሩባቸው። ምን ልበላቸው?»

«ታዲያ እንደው በግምት አንድ ቁጥር አይጽፉም ነበር የኔታ?»

«ያልለካሁትን?» አሉ የኔታ፤ ጥያቄዋ ግራ አጋብቷቸው። «መዝነቡን አውቃለሁ። ስንት እንደሆነ አላውቅም። የማውቀውን ጻፍሁ።»

ጤናዬ ደብተሩን ይዛ ቆየች። እሷ የምትቆጥረው የዘነበበትን ቀን እንጂ የውኃውን ልክ አይደለም። በዚያ ቀን መዝነቡ ደግሞ፣ ሰው እየተካፈለ እስኪጠጣው ድረስ መዝነቡ፣ ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ቀኑን ዝናባማ ብላ ቆጠረችው፤ የውኃውን ልክ በሚያሳየው ዓምድ ግን ባዶውን ተወችው። ከሥሩም «በዚህ ቀን በመለኪያው የተጠራቀመው ውኃ ከመለካቱ በፊት ሰዎች ጠጥተውታል» ብላ በእንግሊዝኛ ማስታወሻ ጻፈች። እንዲህ ያለ ማስታወሻ ደምለው አይቶ እንደማያውቅ እርግጠኛ ናት።

ተጫነች። ዘጠኙም ነጥቦች ወጡ። ቁጥሮቹም በየዓረፍተ ነገሩ ውስጥ በየራሳቸው ተለወጡ። በየዓመቱ አንድ ቀን ያህል ይል የነበረው ግማሽ ቀን ሆነ፤ ምክንያቱም በኋለኞቹ ዓመታት ጳጉሜ ከፊተኞቹ ይልቅ ዝናባማ ነበረች። ከመቶ ሦስት የነበረው ዕድል ከመቶ አሥራ አራት ሆነ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ዓረፍተ ነገር ግን የራሷ ነበርና አልተለወጠም፤ አሁንም የዝናቡ ቀን እያነሰ መምጣቱ ተረጋግጧል እያለ ይፎክራል።

ይህን ዓረፍተ ነገር ወደደችው። ክፍሉን ጸጥ ያሰኘላት እሱ ነው። ብዙ ካየችው በኋላ አጠፋችውና፣ መቀነሱን ለማረጋገጥ የዘጠኝ ዓመት መረጃ አይበቃም፤ ልኬታው መቀጠል አለበት ብላ ጻፈች። ስታነበው ደነገጠች፤ በጣም አነስተኛ፣ በጣም ለዛ ቢስ ሆኖ ታያት።

የኔታን ወደ መናኸሪያው ሸኝታ፣ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልላ ሰጠቻቸው። «ምን አገኘሽ በመጨረሻው?» ሲሏት እውነቱን ነገረቻቸው፤ ገና አይታወቅም ነው የሚለው አለቻቸው። የኔታ ይህን መልስ ጥሩ መልስ አድርገው ተቀበሉት። «እንግዲያው እኔም ገና አላረፍሁም» ብለው፣ ባለቤታቸው የዛሬውን በትክክል ጽፋ እንደሆነ እያሰቡ ተሳፈሩ።

ተመልሳ አዲሱን ማህደር በሥራነሽ ሌላኛው ኮምፒውተር ላይ ሞከረችው። ሠራ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሞከረችው፤ ከዚያ በላይ ጊዜ አልነበራትም። ፍላሹን ልትነቅል ስትል ሥራነሽ እጇን ያዘቻት።

«አሮጌውንም ጨምሪው። ምናልባት ይኸኛው እንቢ ቢል።»

ጤናዬ አሮጌውን ማህደር አጠገቡ ገለበጠችው። ከፍርሃት የተነሳ እንዳደረገችው ታውቃለች።

ባጃጇ ዩኒቨርሲቲው በር ስትደርስ አሥር ሰዓት ከአርባ ነበር፤ ዝናቡም ጀምሯል። ደምለው ቢሮ ስትገባ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ነው። ደምለው በዕድሜ ከእሷ ቢያንስ በስምንት ዓመት ያንሳል፤ ቀጭን፣ ፈጠን ያለ ሰው ነው፤ ተማሪ ሲገባ ከወንበሩ ይነሳል።

«ነይ ጤናዬ፣ ቀርተሽ ነበር እኮ ያልኩት» አላት ፍላሹን እየተቀበለ። «የቅዳሜው ገለጻሽ ጥሩ ነበር። ዝናቡ ስለመቀነሱ እንዲህ የጠራ ነገር ከዚህ አካባቢ አይቼ አላውቅም።»

«መምህር፣ እሱ ተለውጧል።»

«ምኑ?»

«ግኝቱ። ጳጉሜን ጥዬ ነበር። ፕሮግራሙ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማያውቅ ስድሳ አራት ቀን ጥሎብኝ፣ እኔም ማስጠንቀቂያውን ደብቄው ነበር። ስመልሳቸው ከመቶ ሦስት የነበረው ከመቶ አሥራ አራት ሆነ።»

 ቅዳሜ ዕለት ደምለውም እንዳላየው ፊቱ ላይ ይነበባል። «ጳጉሜን» አለ ለራሱ። ከዚያ ፍላሹን ሰካ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ማህደሮች ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ አንዱ «የመጨረሻ»፣ ሌላው «የመጨረሻ ሁለት» ይላል።

«ሁለት ናቸው» አላት። «የምጫነው አንድ ነው፤ ሕጉን ታውቂያለሽ። የመጀመሪያው የቅዳሜው ነው?»

«አዎ።»

«እሱ በደንብ ተሞክሯል?»

«አራት ጊዜ ወጥቷል።»

«ሁለተኛውስ?»

«ዛሬ ነው የሠራሁት። በሌላ ኮምፒውተር አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ።»

ደምለው እጁን አይጧ ላይ አድርጎ ጠበቃት። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለአሥራ አንድ አሥር ጉዳይ ይላል።  ጤናዬን የአምናው ሚኒባስ ትዝ አላት፤ ነጠላዋ ውስጥ የተሸሸገው ፊቷ፣ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴትዮ ለቅሶ ቤት የምትሄድ መስሏት ያጽናናቻት ነገር። ደግማ ያን መንገድ በዚያ ሁኔታ መሄድ አትፈልግም። ትለፍ ወይስ ትውደቅ የሚለው አሁን በሁለቱ ማህደሮች መካከል ባለው፣ ሁለት ጣት በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር።

«ሁለተኛውን» አለች።

ደምለው ቀስቱን ወደ ሁለተኛው ወሰደ።

«ይቆዩኝ መምህር። ከመጫንዎ በፊት የመጀመሪያውን ያጥፉልኝ።»

«ማጥፋት ለምን ያስፈልጋል? እዚያው ይቀመጥ፤ አልነካውም።»

«ይሄኛው ቢቆም፣ ያኛውን ይክፈቱልኝ ብዬ እንዳልለምንዎት ነው።»

ደምለው ዞር ብሎ አያት። ከዚያ የመጀመሪያውን ማህደር መረጠና አጠፋው፤ ፕሮግራሙ እርግጠኛ ነህ ብሎ ሲጠይቀው መልሶ ወደ እሷ ተመለከተ፣ እሷም ራሷን ነቀነቀችለት። ጤናዬ በጭቃ የተለወሰ ጫማዋን ወደ ኋላ ሰብስባ፣ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ ተቀመጠች።

«አሁን ይጫኑት» አለችው።